ፍሪጅ ውስጥ የተቀመጠው ሠርግ

ኮምፒውተሩ "ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ" አለና ዝም አለ። ሣህሉ ትን እንዳለው ሕፃን ጎኑን መታ መታ አደረገው። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር እንግሊዝኛ ብቅ ብሎ ትንሽ ቆየና እሱም ጠፋ።

"ምን አለ?" አለች ዴቃ፣ ከጠረጴዛው ማዶ በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጣ በሻሿ ጫፍ ፊቷን እያራገበች።

"ትንሽ ልረፍ ነው የሚለው። ሙቀቱ ነው።"

እንግሊዝኛው ምን እንዳለ ሣህሉም አልገባውም። ግን ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ፎቶ ቤት ይዞ ፀጉሩ እስኪሸብት ሲኖር፣ ተጠይቆ "አላውቅም" ያለበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው የለም። መልስ ከሚያጣ ጥርስ ቢያጣ ይመርጣል። ጠዋት መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ፤ በመጨረሻ ሲመጣ እንደተቆጣ አማች በሩን ገንጥሎ ነው የገባው። ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ ያንቋርር ጀመር።

"ሣህሉ አቦ፣ ዛሬ እንዳትነጅሰኝ፣ በወሬ እንዳትሸውደኝ። ሱቄን ዘግቼ ነው የመጣሁት።"

"አንቺን? አንቺን ነጅሼ ድሬ ውስጥ የት እኖራለሁ?"

ዴቃ ታይዋን ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች። ያገባችው ዐምና ነው፤ ሠርጓን የቀረጸውም ሣህሉ ከረዳቱ ጋር ነው። ቪዲዮዋን ያኔውኑ ወስዳለች፤ ጣጣው ሣህሉ ሲያቀናብረው የአባቷን ንግግር ዘፈን የጫነበት መሆኑ ነው። አባቷ ኻሊፍ የግመል ነጋዴ ነበሩ፤ አንዴ ወሬ ከጀመሩ ሙሽራው ጺም ሳያበቅል አይጨርሱም። ስለዚህ ሣህሉ እሳቸው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ እያሳየ ከላይ ከበሮ ለቀቀበት። ያኔ ሁሉም ስቆ አለፈው። ከዚያ ኻሊፍን ስትሮክ መታቸው። እግራቸው ተመለሰ፣ እጃቸው ተመለሰ፣ ምላሳቸው ግን ቀረ። ሐኪሙ "እየሞከሩ ይለማመዱ" ቢል፣ እንደ ሕፃን መንተባተቡን ተጠይፈው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀምጠዋል። ዴቃ የመጣችው ያልተቆረጠውን ቅጂ ፍለጋ ነው። አባቷ የገዛ ድምፃቸውን ቢሰሙ ምናልባት ቀንተው ለመናገር ይሞክራሉ ብላ።

ሣህሉ በሩ ላይ ወጥቶ ጎረቤቱን ጮኾ ጠራ። ሰይፈ ሚካኤል ከጎን ባለው ሱቅ ሞባይልና ኮምፒውተር ይጠግናል። መጥቶ ጆሮውን ኮምፒውተሩ ላይ ለጥፎ አዳመጠ፤ አብርቶ አጠፋው።

"ሃርድ ዲስኩ ነው" አለ። "ከእንግዲህ አታብራው፣ ባበራኸው ቁጥር ራሱን ነው የሚቧጭረው።"

"ልቡ ነው ሳንባው?"

"ነፍሱ ናት የወጣችው ሣህሉ።"

ዴቃ ማራገቧን አቆመች። "አባቴ እዚያ ውስጥ ነው እኮ።"

"አባትሽ እዚያ ውስጥ ብቻ ቢሆኑ እኔ ሣህሉ ነኝ?" አለ ሣህሉ፣ ደረቱን ነፍቶ። "ባክአፕ፣ መጠባበቂያ ቅጂ አለኝ። ለድሬ ሕዝብ በሙሉ ባክአፕ አለኝ። ይቺ ከተማ ነገ በጎርፍ ብትወሰድ፣ ሰዉን አንድ በአንድ ከነሱፉ አወጣዋለሁ።"

ይህ ባክአፕ የሚሉት ነገር ለሣህሉ የዘመናት ጭቅጭቅ ነበር። መጀመሪያ በሲዲ ያስቀምጥ ነበር፤ የድሬ ሙቀት ሲዲውን እንደ ፓፓያ ልጣጭ ጠቀለለው ብሎ ይምላል። ቀጥሎ በፍላሽ አስቀመጠ፤ ፍላሹን አይጥ ወሰደችው፣ እስከ ዛሬም የሰው ሠርግ እያየች ትስቃለች ይላል። ረዳቱ የነበረው ናሁሰናይ "ጋሼ፣ በኢንተርኔት እንጫነው፤ አንዱ ቅጂ ከቤት ውጭ መሆን አለበት" ሲለው ደግሞ ሳቀበት። "የሰው ሙሽራ ወስጄ የማላውቀው ፈረንጅ ጓዳ ላስቀምጥ?" ሲጨቃጨቁ ከርመው ትልቅ ኤክስተርናል ዲስክ ተገዛ። የት ይቀመጥ ሲባል ግን ሣህሉ አላመነታም፤ ፍሪጅ ውስጥ! በፊልም ጊዜ ያደገ ፎቶ አንሺ ነው። ድሬ ላይ ፊልም ከፍሪጅ ውጭ ካደረ ሙሽራዋ ቀይ ሆና ነው የምትወጣው። ፊልም የዳነበት ቦታ ዲስክስ ለምን አይድንም? ናሁሰናይ "ጋሼ፣ ዲስክ እኮ ብርድ አይወድም፣ ላብ ይይዘዋል" ብሎ ነበር። "አንተን ነው ላብ የሚይዝህ" ተባለና ነገሩ በዚያው አለቀ። ከዚያ በኋላ ናሁሰናይ ዓርብ ዓርብ የሳምንቱን ሥራ ገልብጦ "ተቀምጧል ጋሼ" ይል ነበር፤ ሣህሉም "ተባረክ" ይል ነበር። ዲስኩን አንድም ቀን ራሱ ከፍቶ አይቶት አያውቅም። ናሁሰናይ "ተቀምጧል" ካለ ተቀምጧል። ልጅ የለውም፤ ናሁሰናይን ያሳደገው፣ ካሜራ ያስያዘው፣ ሚስት ሲያጭም ሽማግሌ ሆኖ የሄደለት እሱ ነው።

ትንሿን ፍሪጅ ከፈተ። ከውሃ ጠርሙሶችና ከግማሽ ፓፓያ ጀርባ በፌስታል የተጠቀለለውን ዲስክ አወጣ። ላዩ ላይ በናሁሰናይ ቆንጆ እጅ ጽሕፈት "ሁሉም ሥራ" ተብሎ ተጽፏል።

"ይኸውልሽ አባትሽ። በርዷቸው ይሆናል እንጂ ደህና ናቸው።"

ሰይፈ ሚካኤል ላፕቶፑን አምጥቶ ዲስኩን ሰካው። መብራቱ አልበራም። ነቅሎ በሌላኛው ቀዳዳ ሞከረ። ከዚያ ጆሮው ሥር አድርጎ ነቀነቀው፤ ውስጡ የሆነ ነገር "ቋ" አለ።

"ዲስክ እንዲህ አይልም።"

"በረዶ ሠርቶ ይሆናል" አለ ሣህሉ።

ሰይፈ ሚካኤል ቀጭን ብሎን መፍቻ ከኪሱ አውጥቶ ሽፋኑን ፈታው። ውስጡ፣ በስፖንጅ ቁራጭ ታቅፎ፣ በልክ የተቆረጠ ነጭ የወለል ሴራሚክ ተኝቷል።

ሦስቱም አዩት። መንገዱ ላይ ባጃጅ ጥሩንባዋን እያስጮኸች አለፈች።

"ይሄ" አለች ዴቃ ቀስ ብላ፣ "ሠርጌ ነው?"

ሣህሉ ሴራሚኩን አንስቶ ገለባበጠው፣ ጀርባው ላይ የተጻፈ ነገር ያለ ይመስል። ከዚያ ፊቱ ቀላ። "ሌባ ገብቷል! አንድ ውሻ የሆነ ሌባ ፍሪጄን ከፍቶ ነው! ናሁ ይሄን ቢሰማ ያብዳል። የሱ ልፋት ነው እኮ! ቆይ፣ አሁኑኑ ልደውልለት።"

ናሁሰናይ ጅቡቲ ነው። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ አንድ ትልቅ ቪዲዮ ቤት ቀጥሮኛል ብሎ ሄደ። ሣህሉ የገዛ ሻንጣውን ሰጥቶ፣ አውቶቡስ ድረስ ሸኝቶ፣ ሰው አየኝ አላየኝ ሳይል አልቅሷል። ናሁሰናይም አልረሳውም፤ በየሳምንቱ በቴሌግራም ይደውላል። አሁንም ገና ሁለት ጊዜ ሳይጠራ አነሳው። ሣህሉ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

"ጋሼ! እንዴት ነህ? አቦ፣ የዛሬው የጅቡቲ ሙቀት! ወላሂ ጫማዬ አስፋልቱ ላይ ተጣብቆ በካልሲ ነው ቤት የገባሁት!"

"ናሁዬ፣ ስማኝ፣ ዲስኩን አንድ ሰው..."

"ከዚራ! ከዚራ! አንድ ሰው የቀረው፣ ከዚራ!" አለ ከስልኩ ውስጥ፣ ጎርነን ያለ የባጃጅ ጠሪ ድምፅ።

ስልኩ ተዘጋ።

ዴቃ ጉሮሮዋን ጠረገች። "አክስቴ ጅቡቲ ነው የምትኖረው። ከዚራ የሚባል ሰፈር እንዳለ ነግራኝ አታውቅም።"

ሣህሉ ወደ ሰይፈ ሚካኤል ዞረ። ሰይፈ ሚካኤል ብሎን መፍቻውን እንደ አዲስ ዕቃ ይመረምራል።

"ሰይፈ።"

"እ?"

"ቀና በል እስቲ።"

"እዚሁ ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው" አለ ሰይፈ ሚካኤል፣ ሳይቀና። "ካንተ ከወጣ ጀምሮ ሳቢያን ነው። ፎቶ ቤት ከፍቷል።"

"አንተ ታውቅ ነበር?"

"ማን የማያውቅ አለ አቦ? ግን ማን ደፍሮ ይንገርህ? በየቀኑ እዚህ በረንዳ ላይ ስለ ጅቡቲ ስታወራ..."

አልጨረሰውም። መጨረስም አላስፈለገውም። ሣህሉ ለወራት በረንዳው ላይ ተቀምጦ ናሁሰናይን በወሬ ሲያሳድገው ከርሟል። ናሁ የወደቡን አዛዥ ልጅ ሠርግ መርከብ ላይ ቀርጿል፤ ዕድምተኛው ሁሉ ናሁ እንዲያነሳው በአንድ ወገን ሲጋፋ መርከቧ ተንጋዳ ሙሽራው ባሕር ገባ፤ ናሁ ዘሎ በአንድ እጁ ሙሽራውን አወጣ፣ በሌላው እጁ መቅረጹን አላቋረጠም። ጎረቤቱ ሆዱን ይዞ ይስቅ ነበር። ሣህሉ የሚስቁት በወሬው ጣፋጭነት መስሎት ነበር። ለካስ እሱ ውሸት ሲነግራቸው እነሱ እውነቱን አፋቸው ውስጥ ይዘው ነበር የሚስቁት።

ሴራሚኩን ኪሱ ከተተ።

"የት ነው ሳቢያን?" አለ።

"እኔም እሄዳለሁ" አለች ዴቃ፣ ቦርሳዋን አንስታ። "አንተን ዛሬ ከዓይኔ አላጣህም። አባቴን ካንድ ወንድ ወደ ሌላ ወንድ ስታዟዙሩ ልትጥሉት ነው።"

ባጃጇ ውስጥ ሣህሉ ሴራሚኩን በኪሱ ጨብጦ ተቀመጠ። ሹፌሩ ሳቢያን የት እንደሚሄዱ ሲጠይቅ የመለሰችው ዴቃ ናት፤ "አዲሱ ፎቶ ቤት" አለች። "ናሁ ጋ ነዋ!" አለ ሹፌሩ ደስ ብሎት። "አሪፍ ልጅ! የእህቴን ምርቃት አንስቷል።" ሣህሉ ወደ ውጭ ዞረ። ዴቃ ፊቱን አይታ አዘነችለት መሰለ፣ እንዲህ አለችው፤

"አባቴ አፉ ደህና ቢሆን ኖሮ ይሄን ልጅ ምን ይለው እንደነበር ታውቃለህ?"

"ምን ይሉታል?"

"እኔ ሴት ነኝ፣ አልደግመውም።"

ፎቶ ቤቱ ከሩቅ ይታያል። መስተዋቱ ላይ አንዲት ሙሽራ ሰው አክላ ተለጥፋለች፤ ሐርላ ከጥንቱ ከተማ ፍርስራሽ አጠገብ ድንጋይ ላይ ቆማ ቬሏን ነፋስ እንደ ጭስ አንስቶታል። ያንን ፎቶ ለማንሳት ሣህሉ እሾህ ላይ በሆዱ ተኝቷል፤ እሾሁን ማታ የነቀለችለት ሚስቱ የሺአረግ ናት። ከፎቶው በታች "ናሁ ዲጂታል" ይላል።

ናሁሰናይ ገና በሩ ላይ ሲያያቸው ከወንበሩ ተነሳ። ወፍሯል። ስልኩን አሁንም በእጁ ይዟል።

"ጋሼ..."

"ጅቡቲ ቅርብ ናት" አለ ሣህሉ። "በባጃጅ መጣሁ።"

"ቁጭ በል ጋሼ። እባክህ። ቀዝቃዛ ውሃ ላምጣልህ?"

"ከፍሪጅ?"

ናሁሰናይ አንገቱን ደፋ። ሣህሉ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየው። መብራቶቹ አዲስ ናቸው፣ ካሜራው አዲስ ነው። ከግድግዳው ላይ ደንበኛ ፎቶ የሚነሳበት አረንጓዴ መጋረጃ ተሰቅሏል። ወደ መጋረጃው ቀረበ። ከታች በኩል ጠርዙ ላይ የካውያ ጫፍ የሚያህል የተቃጠለ ምልክት አለ። ያቃጠለው ራሱ ሣህሉ ነው፣ የገዛ ሳሎኑን መጋረጃ ሲተኩስ፣ የፋሲካ ዋዜማ። የሺአረግ "ተቀደደ፣ ለለማኝ ሰጠሁት" ብላው ነበር።

መጋረጃውን በሁለት ጣቱ ያዘና ለቀቀው።

"የሺ ሰጠችህ።"

"እትዬ የሺ ምን ታድርግ ጋሼ። ስከፍት መጥታ መረቀችኝ። 'ለሣህሉ ራስህ ንገረው፣ እኔ አልነግረውም' ብላ አስምላኛለች። ልነግርህ ነበር።"

"መቼ?"

"በደወልኩ ቁጥር። ዛሬ እነግረዋለሁ ብዬ እደውላለሁ፣ አንተ ስለ ጅቡቲ ትጠይቀኛለህ፣ የሆነ ነገር እላለሁ። በሳምንቱ ያልኩት ነገር መርከብ ተጨምሮበት ከሰው አፍ ይመጣልኛል። እንዴት አድርጌ ልመልሰው?"

"ለምን ጅቡቲ አልክ መጀመሪያውኑ? ሳቢያን እሄዳለሁ ብትለኝ እግርህን እቆርጥ ነበር?"

"አልኩህ እኮ! 'የራሴን ልሞክር' አልኩህ። በረንዳው ላይ ለነበረው ሰው ሁሉ 'ናሁ ፎቶ ቤት ሊከፍት ነው፣ የራሱን ጥላ እያነሳ ለራሱ ይሸጣል' ብለህ አሳቅክብኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሰፈሩ 'ጥላው እንዴት ነው' ሲለኝ ሰነበተ።"

ሣህሉ ሴራሚኩን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። "ሳቅ ሌላ ነው፣ ይሄ ሌላ ነው።"

ናሁሰናይ ሴራሚኩን ላለማየት ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ። "ኮምፒውተርህ ላይ ሁሉም አለ ብዬ ነው። ይሄ ትርፉ ነው ብዬ። ለደንበኛ የማሳየው ሥራ ያስፈልገኝ ነበር፤ ባዶ ግድግዳ ይዤ ማን ይመጣልኛል?"

"ሴራሚኩስ?"

"እንዳይቀልህ ነዋ። ስታነሳው።"

"በደንብ ነው የቆረጥከው። ጠርዙ እንኳ አልሸረፈም።" ሣህሉ ጠርዙን በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። "እኔ ነኝ ጥራት ያስተማርኩህ።"

"ኮምፒውተርህ ምን ሆነ?"

"ሞተ።"

ናሁሰናይ ዞሮ አየው። ፊቱ ላይ ማፈርና መደንገጥ ተደባለቁ፤ ከሁለቱ ሥር ደግሞ ትንሽ ኩራት የመሰለ ነገር ብቅ አለ። "እንግዲያ... እንግዲያ እኔ ባልወስደው ኖሮ ጋሼ..."

"ጨርሰው።"

"ዲስኩ ፍሪጅ ውስጥ ቢሆን እሱም ይሞት ነበር። ላብ ይይዘዋል ብዬህ ነበር።"

ሣህሉን ያበገነው ውሸት አለመሆኑ ነበር። ውሸት ቢሆን መልስ አያጣለትም፤ ከመርከቧ የሚበልጥ ውሸት ይጭንበት ነበር። ሌላው ሁሉ ከዳው፤ ሚስቱ፣ ጎረቤቱ፣ ይሄ ልጅ። አሁን ደግሞ እውነት ራሷ ተነስታ ከልጁ ጎን ቆመች።

"ኧረ አቦ!" ዴቃ ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገች። "እናንተ ኋላ ትፋታላችሁ፣ ሽማግሌም ትልካላችሁ። አባቴ የት አለ?"

ናሁሰናይ ቆልፎ ከያዘው መሳቢያ ውስጥ ዲስኩን አወጣ። አዲስ ሽፋን ገብቶለት በለስላሳ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ኮምፒውተሩ ላይ ሲሰካው ሰማያዊ መብራቱ በራ። የዓመት የዓመት ሥራ ተደርድሮ ወጣ፤ የዴቃም ስም በመሐል። ከዴቃ ፍላሽ ተቀብሎ ገለበጠላት።

"በቃ፣ ተቀምጧል ጋሼ።"

"ክፈተው" አለ ሣህሉ።

"ገብቷል እኮ፣ ስሙ ይኸው ይታያል።"

"ሴራሚኩም ላዩ ላይ ስም ነበረው። ዲስኩን ንቀለውና ከፍላሹ ላይ ክፈተው።"

ናሁሰናይ ነቅሎ ከፈተው። የሠርጉ ድንኳን መጣ፣ ከዚያ ኻሊፍ መጡ፤ በነጭ ኮፊያቸው፣ ማይኩን እንደ ግመል አለንጋ ጨብጠው።

"...እና ግመሏ ትኬት የላትም! ባቡሩ ተነሳ። ተቆጣጣሪው መጣ። 'ዋርያ፣ አንተ ሰውዬ፣ ይቺ ማን ናት?' አለኝ። 'አክስቴ ናት፣ ከዋሂል ነው የመጣችው፣ አሟት ነው' አልኩት። ሻሽ አስሬላታለሁ! ተቆጣጣሪው አያት፣ አያት፣ 'አይዞዎት እናቴ' አለና መስኮት ጋ አስቀመጣት። እሷ ግን ባለጌ ናት፤ አዲጋላ ስንደርስ ኮፍያውን በላችበት!"

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ሥዕሉም ተናጋ፤ ካሜራውን የያዘው ናሁሰናይ ነበር። ከካሜራው ጀርባ ሁለት ሳቆች ይሰማሉ፤ አንደኛው እንደ ሳል የወፈረ፣ ሌላው እንደ ሕፃን ቀጭን። "ጋሼ ያዘኝ፣ ልወድቅ ነው!" ይላል ቀጭኑ። "ይዤሃለሁ" ይላል ወፍራሙ፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ "ይዤሃለሁ፣ አንተ ብቻ ካሜራዋን እንዳትጥል።"

ፎቶ ቤቱ ውስጥ ናሁሰናይም ሣህሉም አንገታቸውን አላቀኑም።

ዴቃ እነሱን አላየቻቸውም። ቤት ደውላ ስልኩን ከኮምፒውተሩ ድምፅ ማውጫ ፊት ይዛዋለች። "ፈርዶውሳ! አባዬ ጆሮ ላይ አድርጊው! አድርጊው ብያለሁ!" ብላ እህቷ ላይ ጮኸች። "አንተ፣ ከመጀመሪያው መልሰው!"

ኻሊፍ እንደገና ግመሏን ባቡር ላይ አሳፈሩ። እንደገና ሻሽ አሰሩላት። ከስልኩ ወዲያ መጀመሪያ ምንም አልተሰማም። ከዚያ ትንፋሽ፤ ከዚያ እንደ ዛገ በር ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ።

"ዴቃ!" አለች ፈርዶውሳ ከስልኩ፣ "አባዬ ዞረ! እጁን ያወናጭፋል! ተናዷል መሰለኝ!"

"ምን ይላል?"

"እምቢ ይላል! ቆይ... አባዬ፣ ምን?"

"ዋ... ዋሂ..." አለ የኻሊፍ ወፍራም ድምፅ፣ እያንዳንዱን ፊደል እንደ ጆንያ እየተሸከመ። "አይ... አይ... ኤ... ኤረር!"

"ኤረር ነው የሚለው!" ፈርዶውሳ እያለቀሰች ትስቃለች። "ግመሏ ከዋሂል አይደለችም፣ ከኤረር ናት ነው የሚለው!"

ዴቃ ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች። እንባዋ ሻሿ ላይ ወረደ፣ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል። "ውሸቱን እያረመ ነው" አለች። "ወር ሙሉ ዝም ብሎ፣ አሁን ውሸቱን እያረመ ነው።"

ፍላሹን ነቅላ በመሐረብ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። "ናሁ፣ ሌባ ነህ። አላህ ይስጥልኝ።" ከዚያ ለሣህሉ፤ "አትመጣም?"

"ሂጂ፣ አንቺ። ለአባትሽ ሰላም በይልኝ።"

ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ናሁሰናይ ዲስኩን በጨርቁ ላይ አድርጎ ወደ ሣህሉ ገፋው።

"ውሰደው ጋሼ። ያንተ ነው። ከመስተዋቱ ላይ ያለውንም ፎቶ አነሳዋለሁ።"

ሣህሉ ዲስኩን አነሳው። መዳፍ አይሞላም። የከዚራ ሠርግ፣ የሳቢያን ልደት፣ የሁርሶ ምልምል ወታደሮች ምርቃት፣ የሞቱ ሰዎች ሳቅ፤ ሁሉም እዚህች ውስጥ ነው።

"ሌላ ቅጂ አለህ?"

"የለኝም። ያ ብቻ ነው የቀረው።"

የሣህሉ ስልክ ጠራ። የሺአረግ ናት። ሰይፈ ሚካኤል ነግሯት ይሆናል። ሲጠራ አየው፣ አየው፣ እስኪዘጋ ጠበቀና በፊቱ ደፋው። ይህን ይዞ ወዴት ነው የሚሄደው? በባጃጅ ወደ ፎቶ ቤቱ፤ መብራት እንደ ሰካራም ወደሚገባበትና ወደሚወጣበት ቤት። ወይም ወደ ቤቱ፣ መጋረጃ የሌለው መስኮት ወዳለበት።

"አዲስ ዲስክ አለህ?"

"አለ። ለራሴ ሥራ የገዛሁት፣ ገና አልተከፈተም።"

"ክፈተው። ሁሉንም ገልብጥ። አዲሱን እኔ እወስዳለሁ፣ አሮጌው እዚህ ይቀመጣል።"

ናሁሰናይ በደንብ የሰማ አልመሰለውም። "እኔ ጋ? እኔ ጋ እንዲቀመጥ ታምነኛለህ ጋሼ?"

"አላምንህም። በየወሩ መጥቼ አስከፍትሃለሁ፤ ስም ሳይሆን ሥዕሉን፣ ድምፁን። የኔንም አንተ መጥተህ ትከፍተዋለህ፣ እኔም አልታመንም። ፍሪጅ ውስጥ ነበር የማስቀምጠው።" ዲስኩን ጠረጴዛው ላይ መለሰው። "አንድ ነገር ብቻ። ከዛሬ ጀምሮ ጋሼ አትበለኝ።"

"ታዲያ ምን ልበልህ?"

"እንደ ማንኛውም ደንበኛ። አቶ ሣህሉ።"

ናሁሰናይ አዲሱን ዲስክ ከካርቶኑ አውጥቶ ሰካው። ስክሪኑ ላይ ቀጭን አረንጓዴ መስመር ከግራ ወደ ቀኝ መሳብ ጀመረ፤ ከኤሊ የተበደረው ፍጥነት ነው።

"ረጅም ሰዓት ይፈጃል" አለ ናሁሰናይ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ሂድና ምሳህን ብላ፣ አረፍ በል፤ ሲያልቅ ደውዬ..." ስልኩን አየው፤ መደወል የሚለው ቃል አፉ ላይ አስጠላው። "ሲያልቅ ራሴ አመጣልሃለሁ።"

"እዚሁ ነኝ።"

"እሺ ጋ..." አለ ናሁሰናይ፤ ቀሪውን ዋጠው።

ሣህሉ ወንበሩን ጎትቶ ጀርባውን ለአረንጓዴው መጋረጃ ሰጠ። ክርኑን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ፣ መስመሩ እስኪሞላ ዓይኑን ላይነቅል፣ ስክሪኑ ፊት ተቀመጠ።